«ሁሉም ያልፋል» ማለትና ሲያልፍ ማየት

ጥያቄ፦ «እናቴ ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ ስለ ቡድሂዝም ማንበብ ጀመርኩ፤ ሁሉም ነገር አላፊ ጠፊ ነው፣ በአሁኗ ቅጽበት መኖር ነው የሚሻለው የሚለው ትምህርት ሳበኝ። ሦስት ወር ያህል ማታ ማታ የስልክ አፕ ከፍቼ ለግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። ሐሳቤን ማቆም ግን አልቻልኩም። ሐዘኑ ሲመጣብኝ ‹ይህም ያልፋል› እያልኩ ለራሴ እደጋግማለሁ፤ አይቀለኝም። ይባስ ብሎ በቅርቡ ምንም የማይሰማኝ ቀን በዝቷል። ሁሉም የሚያልፍ ከሆነ ማቀዱም መውደዱም ምን ዋጋ አለው? ክርስቲያን ነኝ፤ ከእምነቴ ይጋጭ ይሆን? ጓደኛዬ ደግሞ የአሥር ቀን የዝምታ ሥልጠና ግባ ትለኛለች። ልግባ?»

ምላሽ፦

አሁን ለአሥር ቀኑ ሥልጠና አይመዝገቡ። ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን መታረም ያለባቸው ነገሮች አሉ። የሦስት ወር ድካምዎ ፍሬ ያጣው የያዙት መመሪያ ጎዶሎ ስለሆነ ነው።

ሐሳብን ማቆም ከጀማሪ አይጠበቅም። የቡድሂስት ተመስጦ ዋና መመሪያ የሆነው የሳቲፓታና ስብከት ሰው ልብ ሊላቸው የሚገቡትን ነገሮች በአራት ይከፍላቸዋል፤ አካል፣ ስሜት (ደስ የሚል፣ የሚያስከፋ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ)፣ የአእምሮ ሁኔታ፣ በመጨረሻም ትምህርቱ በዝርዝር የሚያስቀምጣቸው ክስተቶች፣ ለምሳሌ ቁጣ፣ ድብርት፣ መቅበጥበጥና ጥርጣሬ። ሦስተኛው ክፍል አእምሮው የተበተነበት ሰው መበተኑን ያውቃል፣ የተሰበሰበለትም መሰብሰቡን ያውቃል ይላል። መበተኑ ራሱ ከሚታወቁት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል ማለት ነው። ስለዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሐሳብ ሃምሳ ጊዜ ይዞዎት ቢሄድና ሃምሳውንም ጊዜ ቢነቁበት፣ ሥራውን ሃምሳ ጊዜ ሠርተውታል። ሐሳብን ስለማባረር የሚናገር ሌላ ስብከት መኖሩ እውነት ነው። በእሱ ውስጥ አምስት ዘዴዎች ተዘርዝረዋል፤ ጥርስን ነክሶ፣ ምላስን ከላንቃ አጣብቆ አእምሮን በአእምሮ መጨፍለቅ አምስተኛውና የመጨረሻው ሲሆን፣ አራቱ እምቢ ካሉ ብቻ የሚሞከር ነው። ብዙ ጀማሪ ሳያውቀው ከዚህ ከመጨረሻው ይጀምርና ራስ ምታትና ንዴት ይዞ ይነሳል።

ሁለተኛው ስህተት ከበድ ይላል። «ይህም ያልፋል» እኛ ለቅሶ ቤት የምንለው ማጽናኛ ነው፤ ለዚያ ቦታው መልካም ቃል ነው። የቡድሃ ትምህርት ላይ አኒቻ የሚባለው አላፊ ጠፊነት ግን ለማጽናኛ የተቀመጠ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ዓይን ተክሎ የሚታይ ነገር ነው። ሐዘኑ ብቅ ሲል ዓረፍተ ነገሩን ከላይ ከደፉበት፣ ያዩት ዓረፍተ ነገሩን ነው፤ ሐዘኑ ሳይታይ ከሥር ቀርቷል። ይህን በቀን አሥር ጊዜ ለሦስት ወር ያደረገ ሰው ስሜቱን መድፈን በሚገባ ተለማምዷል። ምንም የማይሰማዎት ቀን መብዛቱ ከዚህ የመጣ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሐዘኑ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለው ይዩ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ምስል ወይም ድምፅ ነው፤ እናትዎ ስምዎን የሚጠሩበት ቃና ሊሆን ይችላል። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ጉሮሮ ይተናነቃል፣ ደረት ይከብዳል፣ ዓይን ይሞቃል። ከዚያ «ምነው የዚያን ሳምንት ሄጄ ባየኋት ኖሮ» የሚል ሐሳብ ይከተላል። ሐሳቡ ጉሮሮን እንደገና ያንቃል፣ የታነቀው ጉሮሮ ሌላ ትዝታ ይጠራል። ከሩቅ አንድ ወጥ ሆኖ የሚታየው ሐዘን ቀረብ ሲሉት እርስ በርሳቸው የሚጠራሩ ብዙ ትንንሽ ክስተቶች ነው። ከእነዚህ አንዱን፣ ጉሮሮ ላይ ያለውን ብቻ፣ ነጥለው ይከታተሉ፦ ይጠብቃል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይላላል፣ ቦታ ይቀይራል። ሐሳብ ካልቀሰቀሰው በአንድ መልክ ብዙ አይቆይም። አኒቻ የሚባለው ይህ ነው፤ የመጣው ነገር ሲመጣ፣ ሲቆይ፣ ሲሄድ መታየቱ። ሐዘኑ ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ ግን ሊሸከሙት የማይቻል አንድ ነገር ነው የሚለው እምነት እየሳሳ ይሄዳል።

ትምህርቱ እዚያ ላይ አይቆምም። ቡድሃ በቫራናሲ አቅራቢያ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቀ መዛሙርቱ በሰጠው ሁለተኛ ስብከት በጥያቄ መልክ ያስኬደዋል፦ አካል ቋሚ ነው ወይስ አላፊ? አላፊ ነው። አላፊ የሆነ ነገር ያሳርፋል ወይስ ያሠቃያል? ያሠቃያል። አላፊና የሚለዋወጥ ነገር «የእኔ ነው፣ እኔ ይህ ነኝ» ሊባል ይገባዋል? አይገባውም። ስሜትን፣ አስተውሎትን፣ ዝንባሌንና ኅሊናን በተራ እየጠራ ያንኑ ይጠይቃል። ዓላማው የሙጥኝ ማለት እንዲላላ ነው። ስለዚህ አላፊነትን ማየት ከ«አሁን» ጋር የሚገናኘው በቀላል ምክንያት ነው፤ ሲለወጥ ሊታይ የሚችለው እፊትዎ ያለው ብቻ ነውና። በአሁን ላይ መሆን መሣሪያው ነው፤ የመጨረሻ ግብ አድርጎ መያዝ መሣሪያውን ይዞ ሥራውን መተው ይሆናል።

«በአሁን ኑር» የሚለው አባባል ከመጻሕፍቱ ወጥቶ በአፕና በማስታወቂያ ሲዘዋወር ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል። ያለፈውን አትከተል፣ የሚመጣውን አትናፍቅ የሚል ስብከት በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ራሱ ስብከቱ ማብራሪያውን አብሮ ይሰጣል። ያለፈውን መከተል ማለት «ድሮ እንዲህ ነበርኩ» እያሉ በዚያ ውስጥ መደሰትና መጠላለፍ ነው። ማስታወስ አልተከለከለም። እንዲያውም ንቃት (በፓሊ ቋንቋ ሳቲ) የተባለውን ችሎታ መጻሕፍቱ ሲገልጹት፣ ከብዙ ጊዜ በፊት የተደረገውንና የተነገረውን ማስታወስ የሚችል ሰው ብለው ነው። እናትዎን በማስታወስዎ ከ«አሁን» የወጡ አይምሰልዎ። ትዝታው አሁን የመጣ ነገር ነው፤ ሲመጣ «ትዝታ» ብለው ማወቅ ይችላሉ።

ማቀድም እንዲሁ። ቡድሃ በራጃጋሃ ከተማ ሲጋላ ለተባለ ወጣት ባለ ቤት የሰጠው ምክር ውስጥ ገቢን በአራት መክፈል ይገኛል፤ አንዱ ክፍል ለኑሮ፣ ሁለቱ ለሥራ፣ አራተኛው ለክፉ ቀን የሚቀመጥ። ሁሉም አላፊ ነው ያለው ሰው ለክፉ ቀን አስቀምጥ ብሏል፤ ሁለቱ አይጣሉም። ክፉ ቀን የሚታሰበው ነገሮች ባሉበት ስለማይቆዩ ነው። መውደድም አይቀርም። የሚቀረው «ይህ ሰው እንዳለ ይኖርልኛል» የሚለው ስሌት ነው።

ማልቀስስ? ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ቡድሃ በኩሲናራ ሊሞት በተቃረበበት ሰዓት የተጻፈው ነው። ለብዙ ዓመታት ያገለገለው አናንዳ ወደ ውስጥ ገብቶ የበሩን መቃን ተደግፎ «ገና ተማሪ ነኝ፣ የሚራራልኝ መምህሬ ሊሄድ ነው» እያለ ያለቅስ ነበር። ቡድሃ አስጠርቶ አስመጣው። የምንወደው ሁሉ እንደሚለየን ነግሬህ አልነበረም ወይ አለው፤ ቀጥሎ ግን አልወቀሰውም። በሥራው፣ በቃሉና በሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ሳይሰስት በፍቅር እንዳገለገለው በሰው ፊት መሰከረለት። አናንዳ ትምህርቱን ከሁሉ የበለጠ የሰማ ሰው ነበር፤ ከመንገዱ የመጀመሪያውን ደረጃም አልፎ ነበር። እሱ እንዲያ ካለቀሰ የእርስዎ ስምንት ወር የውድቀት ምልክት ሊሆን አይችልም። ቡድሂስት አገሮችም ሙታናቸውን በዝምታ አያልፉም። በስሪላንካ በሰባተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ወርና በዓመቱ ለመነኮሳት ምግብ ቀርቦ የበጎ ሥራው ዋጋ ለሟቹ ይታሰባል፤ ተዝካር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

አሁን ወደ መደንዘዙ ልመለስ። ትምህርቱ የልብ ሚዛን (ኡፔካ) የሚለው ሁኔታ አለ፤ ደስ የሚለውንም የሚያስከፋውንም ሳይናወጡ መቀበል ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን በስሪላንካ ቡድሃጎሳ የተባለ መነኩሴ ያዘጋጀው ትልቁ የተመስጦ መመሪያ፣ ቪሱዲማጋ፣ ለዚህ ሁኔታ ሁለት ጠላቶች ያስቀምጣል። የሩቅ ጠላቱ ስስትና ጥላቻ ነው፤ ከሩቅ ይታወቃል። የቅርብ ጠላቱ ካለማወቅ የሚመጣ ግድየለሽነት ነው፤ ስለሚመስለው ያሳስታል። ልዩነቱን እንዲህ ይፈትኑት፦ እጅዎን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይክተቱ፣ የሚወዱትን ምግብ ይቅመሱ፣ የሚቀርብዎትን ሰው ፊት ይዩ። ቅዝቃዜው፣ ጣዕሙና ለሰውዬው ያለዎት ስሜት ጥርት ብሎ ከተሰማዎት፣ ሳያናውጥዎትም ከቆየ፣ ወደ ሚዛኑ ቀርበዋል። ሁሉም በመስታወት ጀርባ እንዳለ ከራቀብዎት መደንዘዝ ነው። ያኔ መቀመጡን አይጨምሩ፤ ይቀንሱ።

ሌላ ያልተነገረዎት ነገር ቅደም ተከተል ነው። እስትንፋስን ስለመከታተል የሚናገረው አናፓናሳቲ ስብከት 16 እርምጃዎች አሉት፤ በአራት አራት ተከፍለዋል። መጀመሪያ ረጅሙን እስትንፋስ ረጅም፣ አጭሩን አጭር ብሎ ማወቅ፣ አካልን ማሳረፍ። አምስተኛው ደስታን፣ ስድስተኛው እርካታን እያወቁ መተንፈስ ነው። ከዘጠነኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ አእምሮን ማወቅ፣ ማስደሰት፣ ማሰባሰብና መፍታት ይመጣል። አላፊነትን ማሰላሰል አሥራ ሦስተኛው ነው። እርስዎ ከአሥራ ሦስተኛው ጀመሩ፤ ያውም በቃል ደረጃ። በበርማ የተስፋፉ አንዳንድ ዘዴዎች ለውጥን ከመጀመሪያው ቀን ማየት እንደሚጀምሩ አውቃለሁ፤ ለብዙ ጤነኛ ሰውም ይሠራሉ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ግን የ16ቱን ቅደም ተከተል አስበልጣለሁ፤ ያረፈ አካልና ትንሽ የረካ ልብ ያለው ሰው የሚያልፈውን ነገር ሲያይ አይደነግጥም፣ አይደነዝዝም።

እንግዲህ አሠራሩ። ጊዜውን ከማታ ወደ ጠዋት ያዙሩት፤ ከእራት በኋላ የሚቀመጥ ሰው ወይ ያንቀላፋል ወይ የዕለቱን ነገር ሲያመነዥክ ያመሻል፣ ሐዘንም ማታ ይበረታል። ከቁርስ በፊት ፊትዎን ታጥበው 10 ደቂቃ መራመድና 20 ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል። ስልኩ ሰዓት ይቁጠርልዎ እንጂ አያናግርዎ፤ የሚናገረውን ድምፅ የሚከታተል ሰው የራሱን ለመከታተል አይተርፈውም።

ለመራመዱ ከ6 እስከ 8 ሜትር የሚሆን ኮሪደር ወይም የግቢ ጥግ ይምረጡ። ዓይንዎ ከፊት ሁለት ሜትር ገደማ መሬት ላይ ይረፍ። እግር ሲነሳ በልብዎ «ማንሳት»፣ ወደ ፊት ሲሄድ «መግፋት»፣ ሲያርፍ «ማስቀመጥ» ይበሉ። ጫፍ ሲደርሱ ይቁሙ፣ መቆምዎን ይወቁ፣ ዞረው ይመለሱ። ይህን አብዛኛው ሰው እንደ ማሟሟቂያ ይዘለዋል፤ መዝለል የለበትም። የደነዘዘ ሰው ከእስትንፋሱ ይልቅ የተረከዙን ክብደት ቶሎ ያገኘዋል።

ለመቀመጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንከር ያለ ትራስ ወይም ተራ ወንበር ይጠቀሙ። ዳሌ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ ዝቅተኛ በርጩማ ጉልበትን ከዳሌ በላይ ስለሚያወጣ ወገብ ይጎብጣል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም ሕመሙ ሥራውን ሁሉ ይወስደዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ለአካሉ ይስጡ፤ መቀመጫዎ ትራሱን፣ እጅዎ ጭንዎን የነካበትን ይወቁ። ከዚያ ሆድዎን ይከታተሉ። ሲነፋ «ከፍ»፣ ሲጎድል «ዝቅ»። ይህን ሆድን የመከታተልና ስም የመስጠት ዘዴ በዓለም ያስፋፋው በርማዊው መነኩሴ ማሃሲ ሳያዶ (1904–1982 እ.ኤ.አ.) ነው። ስሙ ግን ቀላል ሹክሹክታ ይሁን፤ ትኩረቱ መወጠሩና መላላቱ ላይ ነው። ስሙን ብቻ እየደጋገሙ ሆዱን የረሱ እንደሆነ ጸሎት መሰል ድግግሞሽ ውስጥ ገብተዋል፤ ስሙን ትተው ለጥቂት እስትንፋስ ስሜቱን ብቻ ይያዙ። እስትንፋሱን አይምሩት። ደረት ከጠበበ ወይም ማዛጋት ከበዛ እየመሩት ነው ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በረጅሙ አውጥተው የሚቀጥለው በራሱ እስኪመጣ ይጠብቁ።

ሌላ ነገር ሲመጣ ስሙን ይስጡትና እስኪለወጥ ይዩት፦ «ድምፅ»፣ «ሐሳብ»፣ «ትዝታ»፣ «ሕመም»። ጉልበት ቢያምዎ ወዲያው አይንቀሳቀሱ፤ ሙቀት ነው፣ መወጠር ነው፣ ወይስ ምት ምት የሚል? ጠርዙ የት ነው? ከእሱ ጎን «ይብቃኝ» የሚል ግፊት አለ? እሱን ለብቻው «አለመፈለግ» ይበሉት። ሕመሙና አለመፈለጉ ሁለት ነገር መሆናቸውን ያየ ሰው ብዙ አይቷል። ከአምስት ደቂቃ በኋላም እየጨመረ ከሄደ፣ ወይም ከተነሡ በኋላ የእግር መደንዘዙ ቶሎ የማይለቅ ከሆነ፣ እያወቁ ቀስ ብለው እግርዎን ያዙሩ። ጉልበትን መጉዳት ጽናት አይደለም።

ጉልበትዎን ስለሚያወጡበት መጠን ቡድሃ ለሶና የሰጠው መልስ እስካሁን አልተሻረም። ሶና መነኩሴ ከመሆኑ በፊት ባለ ክር መሣሪያ ይጫወት ነበር፤ ሲራመድ እግሩ እስኪደማ ቢታገልም አልሆንለት ብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ አስቦ ነበር። ክሩ ሲወጠርብህ ይጫወትልሃል? ሲላላስ? ብሎ ቡድሃ ጠየቀው። ክራር የቃኘ ሰው መልሱን ያውቃል። ግንባርዎ ከተኮሳተረ፣ መንጋጋዎ ከተነከሰ ወጥረዋል። ሃያው ደቂቃ እንደ ሕልም ካለፈ አላልተዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከዚህ ሌላ ምንም አይጨምሩ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የመጣው ነገር ደስ የሚል፣ የሚያስከፋ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በተለይ ደስ የሚለውን። ያዘነ ሰው ትንሿን ደስታ፣ ለምሳሌ እስትንፋስ ወጥቶ ሲያልቅ የምትመጣውን ዕረፍት፣ ሳያያት ያልፋል፤ የማየት መብት የሌለው ይመስለዋል። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለማለቂያዎች ይስጡ። የወጣው እስትንፋስ ያለቀበትን ነጥብ፣ ከውጭ የተሰማው ድምፅ የጠፋበትን ቅጽበት፣ ሐሳቡ በታወቀ ጊዜ የሄደበትን ይዩ። ማለቂያን አያድኑ፤ የሚያድን ሰው የሚቀጥለውን እየጠበቀ ያለውን ያመልጠዋል። ያዩት ካለ አዩት፣ ካላዩም አላዩም።

ሲጨርሱ ሁለት ሦስት ደቂቃ የደግነት ምኞት (ሜታ) ይጨምሩ፤ መጀመሪያ ለራስዎ፣ ከዚያ በሕይወት ላለ ለሚወዱት ሰው፦ በሰላም ይኑር፣ ከሥቃይ ይዳን። ቪሱዲማጋ ለዚህ ልምምድ የሞተ ሰውን አትያዝ ይላል። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው፤ ልምምዱ በሞተ ሰው ላይ ወደ ጥልቅ ተመስጦ አያደርስም። ለእርስዎ ግን ሌላም ጥቅም አለው፤ ለእናትዎ ያለዎትን በእምነትዎ ጸሎት ያድርሱት፣ ይህን ልምምድ ለሕያዋን ያቆዩት።

በቀኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። የታይላንዱ የጫካ መነኩሴ አጃን ቻ ለሚመጣው ሁሉ «እርግጠኛ አይደለም» እንዲባል ያስተምር ነበር። «ዛሬ ጥሩ ተቀመጥኩ»፣ እርግጠኛ አይደለም። «ከዚህ ሐዘን መቼም አልወጣም»፣ እርግጠኛ አይደለም። ከ«ያልፋል» ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ «ያልፋል» ወደ ፊት ያስሮጣል፣ ይህ ግን ያለውን ለማየት ክፍት ያደርጋል።

ስለ እምነትዎ፦ መቀመጥ፣ እስትንፋስን ማወቅ፣ ስሜትን በስሙ መጥራት የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለም። ከዚያ አልፎ ያለው ግን ትምህርት ነው። ከሞት በኋላ በሌላ አካል ተመልሶ መወለድ፣ ቋሚ ነፍስ የለም ማለት፣ የመጨረሻ ዕረፍት ኒርቫና ነው ማለት ክርስትና ከሚያስተምረው ጋር አንድ አይደሉም፤ ሁሉም አንድ ነው የሚልዎትን አይመኑ። መክብብ «የከንቱ ከንቱ» ሲል የሚደርስበት ቦታ እግዚአብሔርን መፍራት ነው፤ ቡድሃ የሚደርስበት የሙጥኝ ማለት መቅረቱ ነው። ድንበሩ የት እንደሚሆን ከንስሐ አባትዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩ። ሳይደብቁ የሚሠሩት ነገር ልብንም አይከፍልም።

አሥር ቀኑ። በጓደኛዎ የተነገረዎት ጎይንካ በተባለው የተመስጦ መምህር መንገድ የሚሰጠው ይመስለኛል። ጎይንካ በበርማ ኡ ባ ኪን ከተባለ መምህር ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ ህንድ ያመጣው ነው፤ በልግስና የሚተዳደር፣ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ በብዙ አገር የሚሰጥ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወል ይደወላል፣ በቀን አሥር ሰዓት ያህል መቀመጥ አለ፣ እስከ አሥረኛው ቀን ጠዋት ዝምታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ለእስትንፋስ ናቸው፤ በአራተኛው ቀን አካልን ከራስ እስከ እግር እየቃኙ የስሜቶችን መምጣትና መሄድ ማየት ይጀመራል፣ ከዚያ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ አለ። ሥልጠናው ለብዙዎች ጠቅሟል። ነገር ግን ትኩረት በዚህ ፍጥነት እየተሳለ ሲሄድ አካልም ሐሳብም ሲበተን ብቻ የሚታይበት ደረጃ ሊመጣ ይችላል። የበርማ መምህራን ከዚያ ቀጥሎ ፍርሃትና መሰልቸት እንደሚመጡ በቅደም ተከተል ያስተምራሉ። መደንዘዝ ላለበት ሐዘንተኛ፣ ሌሊት እንቅልፍ በሌለበት፣ የሚያወራው ሰው በሌለበት ይህን ማግኘት ከባድ ነው። ጥንታዊዎቹ መጻሕፍትም አደጋውን አልደበቁም። በቬሳሊ ከተማ መነኮሳት የአካልን አስቀያሚነት ሲያሰላስሉ ሰውነታቸውን እስከ መጥላት፣ ብዙዎቹም ሕይወታቸውን እስከ ማጥፋት ደርሰው ነበር። ቡድሃ ለግማሽ ወር ከተለያቸው በኋላ ተመልሶ ያንን ሲያውቅ የተቀሩትን ሰብስቦ በምትኩ የእስትንፋስን ልምምድ፣ ሰላማዊና የሚያስደስት ነው ብሎ፣ አስተማራቸው። መድኃኒቱ ተቀየረ፤ ትምህርቱ ለሁሉም በሁሉም ሰዓት አንድ መጠን እንዳልሆነ ያሳያል።

የሚያቆሙበትንም ይወቁ። ሲቀመጡ ነገሩ ሁሉ እውነት ያልሆነ ከመሰለዎት ዓይንዎን ይክፈቱ፣ የእግርዎን መዳፍ ወለሉ ላይ ይጫኑ፣ በክፍሉ ያሉትን ዕቃዎች በስማቸው ይጥሩ፣ ወጥተው ይራመዱ፣ ጠገብ ያለ ምግብ ይብሉ። ይህ ስሜት ቀኑን ሙሉ ከተከተልዎት፣ ለተከታታይ ሌሊቶች እንቅልፍ ካጡ፣ ወይም የመኖር ፍላጎት ከጠፋብዎት መቀመጡን በዚያው ቀን ያቁሙና ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይሂዱ፤ ሕይወትን ማጥፋት ከታሰብዎት ብቻዎን አይደሩ፣ ለቅርብ ሰው ይንገሩ። የመደንዘዙ ነገር አሁን እንዳለ ሆኖም አንድ ጊዜ ባለሙያ ቢያይዎት ደግ ነው። ድብርት ከሆነ የሚታከም ነው፤ ተመስጦ ሕክምናውን አይተካም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አፑንና «ይህም ያልፋል»ን ይተዉ። ከላይ የጻፍኩትን ጠዋት ጠዋት ለስምንት ሳምንት ይሥሩ፣ ሌላ ዘዴ አይቀላቅሉ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ እናትዎ ከሚያወሩት ሰው ጋር ይገናኙ። የእናትዎ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ እንቅልፍዎ የተስተካከለ፣ መደንዘዙ የለቀቀ፣ በቀን 30 ደቂቃው ሳይቋረጥ የቆየ ከሆነ ያን ጊዜ ሥልጠናውን ያስቡበት። ያኔም ከአሥር ቀን በፊት የአንድ ቀን ወይም የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ያለው ቦታ ይፈልጉ። ማመልከቻው ላይ ስለ አእምሮ ጤናና ስለ መድኃኒት ሲጠየቁ ሐዘንዎንም መደንዘዙንም ጨምረው ይጻፉ፤ መምህሩን በቀን ስንት ጊዜ ማነጋገር እንደሚቻል አስቀድመው ይጠይቁ፣ መልሱ ካላረካዎ አይግቡ።